ከግራሩ ሦስተኛው

ባለፈው ሳምንት ከናይሮቢ አንድ ሰው ደወለልኝ። የድንበሩን አካባቢ የድሮ ፎቶዎች ሰብስቦ መጽሐፍ ሊያወጣ ነው። ከእኔ አሥራ ሁለት መርጧል፤ የቀረው ከየፎቶው ሥር ምን እንደሚጻፍ መንገር ነው አለኝ። አሥራ አንዱን ሳላመነታ ነገርኩት። አሥራ ሁለተኛው ላይ ስደርስ ግን የምለው ጠፋኝ፤ ነገ ደውል አልኩት።

በኬንያ በኩል ወዳለችው ሞያሌ ስደተኛ ሆኜ ስገባ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። መተዳደሪያዬ ጉርድ ፎቶ ማንሳት ነበር። ሥራው ያሰለቻል፤ ሰው ሁሉ ግድግዳ ተደግፎ አንድ ዓይነት ፊት ነው የሚያሳይህ። ስለዚህ ትንሽ ፋታ ሳገኝ ከብት በጫነ መኪና ላይ ተንጠልጥዬ እስከ ናይሮቢ እወርድና የድንጋይ ሕንጻዎችን፣ በረንዳቸው ከእንጨት የተሠራ የሕንዶች ሱቆችን፣ የጦርነት መታሰቢያ ሐውልቶችን አነሳ ነበር። ማንም አላዘዘኝም። አገሩን የለቀቀ ሰው ከቦታው የማይነቃነቅ ነገር ይወዳል መሰለኝ።

ጎልቦ በሚባለው ቆላ ውስጥ ጣሊያንና እንግሊዝ የተዋጉበት ምሽግ እንዳለ የነገሩኝ ጎረቤቴ ሙዜ ጉዮ ናቸው። ሙዜ እዚህ ሽማግሌ የሚጠራበት ነው። ዓይናቸው የደከመ፣ ጉልበታቸው የከዳቸው ቦረና ነበሩ።

"እኔ አሳይሃለሁ፤ አንተም አንድ ነገር ታደርግልኛለህ" አሉኝ። "አባቴ እዚያ ነው ያለው። ለእንግሊዝ ውሃ በግመል ሲያመላልስ ጥይት አገኘው። ፒቻ አንሳልኝ፣ ልጆቼ ቦታውን ይወቁት። ስሞት ከጎኑ እንዲያደርጉኝ ነው የምፈልገው።"

ዝናቡ ካባራ ብዙም አልቆየም ነበር፤ ቁጥቋጦው አረንጓዴ፣ መንገዱ ግን ገና ጭቃ ነው። እሳቸው በአህያ፣ እኔ በእግሬ ሄድን። ቻፓቲ በሚሉት ቂጣ የበላነው የግመል ወተት ጭስ ጭስ ይል ነበር፤ ጣዕሙ እስከ ዛሬ ምላሴ ላይ አለ። ቦታው ስንደርስ አሮጌ ምሽጎች፣ ዝገት የበላቸው ቆርቆሮዎችና የድንጋይ ክምሮች አገኘን። በዚያ አገር መቃብር በድንጋይ ይሸፈናል፤ በአጠገቡ የሚያልፍም አንድ ድንጋይ ይጨምርበታል። እኔ እንደ ሕፃን ፈነደቅሁ። ምሽጉን ከላይ አነሳሁ፣ ከታች አነሳሁ፤ ልብ ብዬ ስቆጥር ካሜራዬ ውስጥ የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነው።

ሙዜ ጉዮ ግራር ሥር ተቀምጠው በትራቸውን ወደ ምዕራብ ዘረጉ። "ከግራሩ ሦስተኛው" አሉ።

ቆጠርኩ። ሦስተኛው ተንዶ ተንዶ መሬት ሊሆን ምንም አልቀረውም። ይህን ባነሳ ባዶ ሜዳ ነው የሚመስለው፣ ሽማግሌው ያዝናሉ ብዬ አሰብኩ። ሐቁን ልናገርና የእኔም የፎቶ አንሺ ክብር አልፈቀደልኝም። ቀጥሎ ያለው ክምር ከፍ ያለ ነው፤ የከሰዓት ፀሐይ አንዱን ጎኑን አብርታ ሌላኛው ላይ አጥልታበታለች። እሱን አነሳሁት።

ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ሙዜ ጉዮ አፍንጫቸው ድረስ አስጠግተው ብዙ አዩት።

"ድንጋዩ በዝቷል" አሉ በመጨረሻ። "መንገደኛ አልረሳውም ማለት ነው።"

ደስታቸውን ሳይ እውነቱን ማውጣት አቃተኝ። ነገ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ወራት አለፉ። በመካከሉ ሌላ ሐሳብ መጣብኝ። ከግራሩ አጠገብ የነበረው የመጀመሪያው ክምር አፈር የበዛበት ነበር፤ ምሽግ ሲቆፈር የወጣ ቢሆንስ? መቃብር ካልሆነ ሳይቆጠር ይታለፋል፣ ያኔ ሦስተኛው ያነሳሁት ትልቁ ይሆናል። ይህ በእርግጥ ትዝ ብሎኝ ይሁን ጥፋቴን ለማቅለል ብዬ የፈጠርኩት፣ አላውቅም። ተመልሰን ሄደን እንዲያሳዩኝ ልጠይቃቸው ሳመነታ ዓይናቸው ጨርሶ ጠፋ። ሲሞቱ እኔ ናይሮቢ ነበርኩ።

ባለፈው ሳምንት ከናይሮቢ ከተደወለልኝ በኋላ ሴት ልጃቸው ቃባሌ ወተት ወደምትሸጥበት ገበያ ሄድኩ። አባቷን የት እንደቀበሯቸው ጠየቅኳት።

"ከአያቴ ጎን ነዋ" አለችኝ። "ወንድሞቼ ያንተን ፒቻ ይዘው ነው የቆፈሩት።"

ያን ጊዜ ሁሉንም ነገርኳት። ወተት መቅዳቷን አቆመች።

"ታዲያ አባቴ ከማን ጎን ነው የተኛው?"

"ምናልባት ከአባታቸው ጎን፤ ምናልባት ደግሞ ከማናውቀው ሰው። እኔም አላውቅም፣ ቃባሌ። ይቅር በይኝ።"

"በሄድን ቁጥር ልጆቹ ድንጋይ ይጨምሩበታል" አለች። ይቅርታዬን አልተቀበለችም፣ አልመለሰችውምም። የወተቱን ዕቃ ክዳን ገጥማ እንደገና ከፈተችው። "ለወንድሞቼ እንዳትነግራቸው።"

የናይሮቢው ሰው ሁለት ጊዜ ደውሏል፤ አላነሳሁለትም። ከአሥራ ሁለተኛው ፎቶ ሥር "የጉዮ አባት መቃብር" ብዬ ባስጽፍ ውሸት ላይሆን ይችላል፣ እውነትም ላይሆን ይችላል። የነገርኳት ለእሷ ብዬ ነው ወይስ ሸክሙ ስለከበደኝ፣ እሱንም መለየት አቅቶኛል። ሠላሳ ዓመት ግራ ተጋብቼ የኖርኩት ብቻዬን ነበር፤ አሁን ሁለት ሆነናል።