የይመኙሻል አባት የተሻገሩት ሽቦ

ይመኙሻል ከበበው በሙሴ ዤራር ቤት ሥራ ስትጀምር ሠላሳ ስምንት ዓመቷ ነበር፤ አሁን ሃምሳን አልፋለች። ሙሴ ዤራር እዚሁ ጅቡቲ ያደጉ ፈረንሳዊ ሽማግሌ ናቸው፤ አባታቸው በቅኝ ግዛቱ ዘመን መኮንን ነበሩ። ባለቤታቸው ከሞቱ በኋላ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። እሷ ታበስላለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች፤ ዓርብ ሲሆን ካርቲየ 3 በሚባለው ሰፈር ጓደኛዋ ሀጀራ ዘንድ ትውላለች።

ሽማግሌው ቀኑን ሙሉ የፈረንሳይ ቴሌቪዥን ያያሉ። በምርጫ ሰሞን የሚደግፉት ፓርቲ ሰዎች ብቅ ሲሉ ድምፁን ከፍ ያደርጉታል። ሰዎቹ ሁልጊዜ የሚያወሩት ስለ ድሮ ነው፤ ድሮ አገሩ አገር ነበር፣ የሄድንበትን ሁሉ አቅንተን መጣን፣ ዛሬ ግን መጤ ወረረን ይላሉ። ይመኙሻል ሰሃን እያጠበች ትሰማለች። በፊት በፊት ያናድዳት ነበር። ኋላ ድካም ብቻ ሆነባት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ጠሯት። ፈረንሳይ ያለው የወንድማቸው ልጅ ለፓርቲው የድሮ ትዝታ እየሰበሰበ ስለሆነ በቅኝ ግዛቱ ዘመን ጅቡቲ የገቡትን የአባቷን ታሪክ እንድታወራ ጠየቋት፤ ስልካቸውንም ፊቷ ደቀኑ።

“አባቴ ከተማው ንጹሕ ነበር፣ መብራቱ ያምር ነበር ይሉን ነበር” አለች። “ግን ሰው እንዳይገባ ፈረንሳዮች ዙሪያውን በእሾሃማ ሽቦ አጥረውት ነበር፤ ፈንጂም ነበረበት። ከድሬዳዋ መጥተው በሆዳቸው ተስበው ነው የገቡት። ጓደኛቸው እዚያው ሽቦው ላይ ቀረ።”

ሽማግሌው ሰምተው አመሰገኗት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ሀጀራ ስልኳ ላይ አንድ ቪዲዮ አሳየቻት። ቪዲዮው ላይ ይመኙሻል ራሷ ፈገግ ብላ ከተማው ንጹሕ ነበር፣ መብራቱ ያምር ነበር ትላለች፤ እዚያ ላይ ያበቃል። ከሥሩ፣ እነሱ ራሳቸው ከናፈቁን እኛ በታሪካችን ለምን እናፍራለን የሚል ጽሑፍ አለ። ብዙ ሺህ ሰው አይቶታል። ተከትሎ የመጣው ቪዲዮ ላይ የፓርቲው ሰው ድንበራችን ይታጠር እያለ ይናገራል።

በማግስቱ ቁርሳቸውን አቅርባ ቆመች።

“ሙሴ፣ ሽቦውን የት አደረጋችሁት?”

“ረዝሞበት ልጁ አሳጠረው። ለነገሩ ይመኙሻል፣ እኔ ያን ሽቦ ብዙም አላስታውሰውም።”

አየቻቸው። እየዋሹ አልነበረም። ሽቦው ሲታጠር አሥራ ሰባት ዓመታቸው ነበር፤ ወደዚያ የሚያስኬዳቸው ጉዳይ አልነበረም። ይህ ከውሸት ይልቅ አደከማት። ቪዲዮው እንዲነሳ ለመነቻቸው። ከእጄ ወጥቷል አሏት።

ወሩን ጨረሰች። የምትተካትን ሴት ስለ መድኃኒቱ፣ ያለ ጨው ስለሚሠራላቸው ምግብ ሁሉ አስረድታ ልብሷን ይዛ ወጣች። ዛሬ ካርቲየ 6 አንድ የልብስ ንጽሕና ቤት ልብስ ትተኩሳለች፤ ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ማታ ወገቧን ያማታል። ባለፈው ሙሴ ዤራር ታመው ኖሮ፣ እንድትጠይቃቸው በተተኪዋ በኩል ላኩባት። እግዜር ይማርዎት በይልኝ አለች፤ ግን አልሄደችም።