ወንበሩ ጥርት ብሎ ወጥቷል

ሚስቴ ሳንባዋን ስትታመም አንድም ፎቶግራፍ አልነበራትም። የሠርጋችን ዕለት ያነሣናል ያልነው ሰው ቀረ፤ እኛም ሌላ ጊዜ እንነሣለን ብለን ተውነው። ልጃችን ገና ዓመት አልሞላትም። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ የነገረኝን ደበቅኋት፤ እሷ ግን ቀድማኝ ዐውቃለች። «ልጄ መልኬን ትወቀው፤ ሌላ ምንም አልልህም» አለችኝ።

ከስታ፣ አንገቷ ቀጥኖ፣ በድሬዳዋ የከዚራ መንገድ ሰው እያያት ፎቶ ቤት መሄድ አፈረች። የፎቶ ቤቱ ባለቤት ይህን ሲሰማ፣ ካሜራዬን ይዤ ቤታችሁ ድረስ እመጣለሁ አለኝ። እግዜር ይስጥልኝ፣ አያስፈልግም አልኩት። እኔም ካሜራ አለኝ ባይ ነበርኩ።

ካሜራ አልኩት እንጂ የልጆች መጫወቻ ነው። በጅቡቲ በኩል በኮንትሮባንድ ገብቶ ቀፊራ ገበያ የሚቸረቸር ጥቁር ፕላስቲክ። ሌንሱ ሳይቀር ፕላስቲክ ስለሆነ የሚያነሣው ሁሉ ጭጋግ ይለብሳል። በባቡር ጥገና ብረት የምቀርጽ የቶርኖ ሠራተኛ ነበርኩና እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እጄ አርፎ አይቀመጥም። ሌንሱን ነቅዬ ከተሰበረ የሩቅ ማያ መነጽር ያወጣሁትን መስታወት ተካሁበት። ማቀፊያውን ከነሐስ ቧንቧ ቆርጬ ቶርኖ ላይ አወጣሁት፤ ብርሃን የሚሾልክበትን ሁሉ በጥቁር የኤሌክትሪክ ናስትሮ ጠቀለልኩ። ክፍላችን ጨለማ ስለሆነ ብርሃን የምታስገባዋን ቀዳዳ በሞረድ አሰፋኋት። ቀዳዳዋ በሰፋች ቁጥር ጥርት ብሎ የሚወጣው ቦታ እንደሚጠብ ሞክሬ አይቻለሁ። ስለዚህ ርቀቱን ለክቼ ካሜራው ላይ ሲባጎ አሰርኩ፤ የሲባጎው ጫፍ አፍንጫዋን ከነካ ፊቷ ልክ ቦታው ላይ ነው። የሥራ ጓደኞቼ አይተው አደነቁኝ። እውነቱን ለመናገር፣ ከሚስቴ ሕመም ይልቅ ስለዚያ ሲባጎ ሳስብ የዋልኩባቸው ቀናት ነበሩ።

አንድ እሑድ፣ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ጎረቤታችን ፀጉሯን ሠራቻትና በገመድ የተሠራው ወንበራችን ላይ ጭንቅላቷን መደገፊያው ላይ አስደግፈን አስቀመጥናት። ሲባጎውን አፍንጫዋን አስነክቼ ለቀቅኩና፣ ትንፋሽሽን ያዢ፣ እንዳትነቃነቂ አልኳት። ሳንባዋ ላለቀ ሰው እንዲህ አልኩ። ደስ እንዲለኝ ብላ ያዘችው። ቁልፉን ስጫን ሳል ገፍትሮ ወደ ፊት አጎነበሳት። እንደገና ለካሁ፣ እንደገና ያዢ አልኳት። አራተኛው ላይ ላቧን ጠርጋ፣ «አቦ፣ ያን ሰውዬ ጥራው» አለችኝ።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አልኳት።

ፊልሙ አሥራ ሁለት ያነሣ ነበር፤ አሥራ ሁለቱንም ጨረስኩት። ከዚያን ቀን በኋላ ቀና ብላ መቀመጥ አልቻለችም። በሁለተኛው ሳምንት ቀበርናት።

ፊልሙን ያጠበልኝ ያው የፎቶ ቤቱ ባለቤት ነው። ፖስታውን ሲሰጠኝ ዐይኔን አላየኝም፤ ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። በአሥራ ሁለቱም ላይ የወንበሩ ገመድ አንድ በአንድ ይቆጠራል። ከፊቱ ያለችው ሚስቴ ነጭ ጉም ናት። ዐይኗና አፏ የት እንዳለ እኔ ራሴ፣ ፊቷን በቃሌ የማውቀው ሰው፣ መለየት አልቻልኩም።

ልጄ ትምህርት ቤት በገባች ዓመት ሣጥኔ ውስጥ አገኘቻቸው። አንዷን ይዛ መስኮቱ ጋ ሄደች፤ አዘነበለቻት፣ ወደ ዐይኗ አቀረበቻት፣ አራቀቻት። እናቷ መሆኗን ነገርኳት። ፎቶዋን መለሰችልኝና፣ «ያኔ ድሬዳዋ ፎቶ ቤት አልነበረም?» አለችኝ።

«አልነበረም» አልኳት።

የፎቶ ቤቱ ደጃፍ ወደ ትምህርት ቤቷ በምንሄድበት መንገድ ላይ ነው፤ ባለቤቱም ጧት ጧት በሩ ላይ ቆሞ ሰላም ይለናል። በማግሥቱ እጇን ይዤ በደቻቱ ወንዝ በኩል አዞርኳት። ለምን እንደምንዞር ጠየቀችኝ፤ በዚህ ይቀርባል አልኳት።