የቅዱስ ኡልሪክ አዳራሽ ዓርብ ዓርብ ለምን በረደ?

ቨርና ሊድኬ ሥራ ቦታ ስትደርስ መጀመሪያ እጆቿን ኪሷ ውስጥ ትከታለች። ሌላው ጠጋኝ መሰላሉን ሳያቆም መፍቻውን ይመዛል፤ እሷ ግን ቆማ ታያለች፣ ታዳምጣለች፣ ታሸታለች። ልማዱን ያመጣችው ከትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው፤ ማሞቂያ መጠገን ከመማሯ በፊት እዚያ ምግብ አብሳይ ነበረች። ድስቱን ሳያይ ማማሰያ የሚያነሳ ወጡን ያበላሻል ትላለች። ሙያውን ስትጀምር የሳቁባት ወንዶች ዛሬ ሲጨንቃቸው የሚደውሉት ለእሷ ነው፤ እሷም ይህን ለማንም ለመንገር አትሰንፍም። ትሕትና በቨርና ደጅ አልፋ አታውቅም።

ዘንድሮ ግን የቅዱስ ኡልሪክ የካቶሊክ ደብር አዳራሽ አፏን ሊያስዘጋት ምንም አልቀረው።

በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ዓርብ ማታ የተጠበሰ ዓሣ የማይበላ ሰው ወይ ታሟል ወይ ሞቷል። ቅዱስ ኡልሪክም ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ በአዳራሹ ዓሣ ይጠብሳል፤ ከድንች ቂጣ፣ ከጥቁር ዳቦና ከቢራ ጋር። ታዲያ ከመጥበሻዎቹ በላይ ያለው የጢስ መሳቢያ ጢሱን ብቻ አይወስድም፤ የአዳራሹንም ሙቀት ጠራርጎ ያወጣዋል። በምትኩ ከሐይቁ በኩል የሚገባውን የጥር አየር የሚያሞቀው፣ ጣሪያው ሥር በአየር ቱቦው መሃል የተገጠመ የጋዝ ምድጃ ነው።

መስከረም ላይ የምድጃው መቆጣጠሪያ ሲበላሽ ኮሚቴው ርካሹን፣ የሚበራና የሚጠፋውን ዓይነት ሊያስገባ ፈልጎ ነበር። ቨርና ጮኸች።

«ወጥ ስትሠሩ እሳቱን አንዴ እስከ ጥግ ከፍታችሁ፣ አንዴ ድርግም ታደርጉታላችሁ እንዴ? እኔ የምገጥምላችሁ እሳቱን ይመጥናል። ግድግዳው ላይ ያለው ሙቀት ለኪ ‹በረደን› ሲል ቫልቩ ጋዙን ይለቃል፤ ‹ሞቀን› ሲል ቀስ እያለ ያጠባል። እሳቱ ከልኩ በታች ሲያንስ ደግሞ ጭራሽ ይዘጋል፤ በደካማ እሳት ብረቱ ያልበውና ይዝጋል። ዋሱ እኔ ነኝ!»

ገጠመችው። ክረምቱ ገባና አዳራሹ ዓርብ ዓርብ በረዶ ሆነ። ረቡዕ ካርታ ለሚጫወቱት ይሞቃል፤ እሑድ ይሞቃል፤ ዓርብ ግን ሰው ኮቱን እንደለበሰ ዓሣውን ይቀረጥፋል። ቨርና ማክሰኞ መጣች፣ ሌላም ማክሰኞ መጣች። ቀጥታ መሰላሉ ላይ ወጥታ የጋዙን ግፊት ለካች፤ ሙሉ ነው። እሳቱን አየች፤ ሰማያዊ ነው። «ጤነኛ ነው» ብላ ሄደች። ኮሚቴው ግን ቁርጡን ነገራት። በዚህ ሳምንት ዓርብም ከበረደ የዓሣው ማታ ወንዝ ማዶ ወዳለው ደብር ይዛወራል።

ወንዝ ማዶ ለመኪና ቅርብ ነው። ከአዳራሹ ፊት ለፊት ለሚኖሩት ለወይዘሮ አዴላይን ግን ሌላ አገር ነው። ዘጠና ዓመት አልፏቸዋል፤ ባለ አራት እግር ምርኩዛቸውን እየገፉ መንገዱን ብቻ ይሻገራሉ፤ በሳምንት ከሰው ጋር የሚበሉትም ይህችኑ አንድ ገበታ ነው።

ዋና ዓሣ ጠባሹ ኦርቪል ሃቭሊቼክ ነው የደወለላት።

«አንቺ ስትመጪ እኮ ይሞቃል፤ እንደ ሕፃን እንግዳ ሲያይ ጨዋ ይሆናል» ብሎ ሳቀ።

ቨርና አልሳቀችም። ለመሆኑ ዓርብ ማታ መጥታ ታውቃለች? አታውቅም። ማን መጥቶ ያውቃል? በዚያ ከተማ ዓርብ ማታ ማሞቂያ የሚጠግን ሰው አይገኝም፤ ሁሉም ዓሣ እየበላ ነዋ! እሷም ብትሆን ከእህቷ ጋር መጠጥ ቤት ውስጥ ቋሚ ወንበር አላት። ለእህቷ ደውላ ቀረችና ወደ አዳራሹ ሄደች።

«ሉተራኗ መጣች! ኮትሽን እንዳታወልቂ፣ ቀዝቅዘሽ ትቀሪያለሽ!» አለ ኦርቪል ከመጥበሻው ጀርባ።

«አንተ ዓሣህን አታሳርር» አለችና እጆቿን ኪሷ ከተተች።

መጥበሻዎቹ ጋሉ፣ የጢስ መሳቢያው አጓራ፣ ሰው ተሰለፈ። አዳራሹ ቀዘቀዘ። ያን ጊዜ መሰላሉ ላይ ወጥታ በምድጃው መስኮት አጮለቀች። እሳቱ አጠረ፣ አጠረ፣ ጠፋ። ማራገቢያው ግን የጥርን አየር እንዳለ ሰው ላይ ይነፋል። መለኪያዋን ከቫልቩ ሽቦ ላይ ስታሳርፍ የሚመጣው ትእዛዝ ‹አጥብ፣ ሞቀን› ነው።

«አንተ ሰነፍ አይደለህም፤ ታዛዥ ነህ። የሚዋሽህ ሌላ ነው» አለችው ቫልቩን።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ሽቦውን በዓይኗ ተከተለችው። ለኪውን በገዛ እጇ ወደ ገጠመችበት ግድግዳ አልሄደም። እዚያ ክንድ ተኩል የሚያህል ለጌጥ የደረቀ ዓሣ አፉን ከፍቶ ተሰቅሏል። ሽቦው ዞሮ ምግብ ከሚሰጥበት መስኮት ጎን ወረደ፤ ለኪው ከምግብ ዝርዝሩ ሰሌዳ ሥር ተደብቆ የመጥበሻውን ወላፈን ይሞቃል። በየማክሰኞው እሷ ጣሪያ ጣሪያውን ስታይ እዚሁ ነበር። የራሷን ሥራ እንደገና ማየት መቼ ታስቧት ያውቃል!

«ኦርቪል፣ ይሄን ከቦታው ማን አነሳው?»

«እኔ ነኛ! ቀለም ስንቀባ ለዓሣዬ ቦታ ጠፋ። ምነው፣ አይሠራም?»

«ይሠራል እንጂ። ያንተን ዘይት ሙቀት ይለካል። አንተ በጠበስክ ቁጥር እሱ ምድጃውን ያጠፋል።»

ኦርቪል መጥበሻውን አየ፣ ኮታቸውን የለበሱትን ሰዎች አየ። ፊቱ ቀላ።

«ዓሣው ይውረድ» አለች ቨርና።

«ዓሣዬ? ሐይቁ ላይ ሙሉ ቀን የታገልኩት ዓሣ?»

«ወይ ዓሣህ ወይ ዓርብህ።»

ራሱ አወረደው፤ እንደ ሕፃን አቅፎ ጥግ አስቀመጠው። እሷ ለኪውን ከጥንት ቦታው መልሳ አሰረች። ጥቂት ቆይቶ ከጣሪያው እፍ የሚል ድምፅ ተሰማ። እሳቱ ተነሣ፤ እስከ ጥግ ወጣ፤ አዳራሹ ሲሞቅም በልኩ ዝቅ አለ። ቨርና ደስታዋን መደበቅ አልቻለችም፤ አልሞከረችምም።

ኦርቪል ደግሞ ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚል ሰው አልነበረም። ተራ ቁጥር የሚጠራበትን ማይክራፎን አነሳ።

«ሰዎች፣ ያበረድኳችሁ እኔና ዓሣዬ ነን። ቨርና ልክ ነበረች። ስድብ ያላችሁ በተራ ቁጥራችሁ ቅረቡ!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ወይዘሮ አዴላይን በሳቁ መሃል የኮታቸውን ቁልፍ አንድ በአንድ ፈቱ። ከክረምቱ መግቢያ ጀምሮ እዚያ ገበታ ላይ ኮታቸውን ሲያወልቁ የመጀመሪያቸው ነው። ለቨርና ዘረጉላት።

«ልጄ፣ እስቲ ስቀይልኝ።»

«የዓሣዬ ምስማር ባዶ ነው፣ እዚያ፣ ከለኪው ላይ…» አለ ኦርቪል።

«ኦርቪል!» አለ አዳራሹ በአንድ ድምፅ።

ቨርና ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠችና ኮቱን ጭኗ ላይ ይዛ ዓሣዋን በላች።