ዘኪያ ያቃጠለችው ፍላሽ

ዘኪያ ቆቦ መናኸሪያ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቋ ውስጥ ለገበሬውም ለነጋዴውም ሚሞሪ ትጭናለች፤ መንዙማ፣ መዝሙር፣ ድራማ። ስሙን ያላነበበችውን ፋይል ግን አትነካም። አንድ ጊዜ ለሰርግ ቤት የጫነችው ሚሞሪ በመንዙማው መሀል ጉድ አውጥቶባት፣ ሦስት ወር አንገቷን ደፍታ ከርማለች። ከዚያ ወዲህ በፐርሰንት ምልክትና በቁጥር የተተበተበ ስም ሲመጣባት፣ ኢንተርኔት ላይ ለጥፋ ወደ ቀድሞ ፊደሉ ትመልሰዋለች፤ የውጭ ቋንቋ ከሆነም ታስተረጉመዋለች። ደንበኛ ይቆጣል። ይቆጣ!

አንድ የገበያ ቀን የመስኖ ማህበሩ ሊቀመንበር አያ አላምረው ፍላሽ ይዘው መጡ። ሁለት ቀበሌ ሲጣላ የሚያስታርቁ ሰው ናቸው። ከኋላቸው የማህበሩ አባላት ፍላሹ ላይ ያለውን ሊያስገለብጡ ስልካቸውን ይዘው ተሰለፉ።

«የተበላሸው የጃፓን ፓምፓችን አጠጋገን ቪዲዮ ነው» አሏት። «ሽንኩርቱ ውሃ ካጣ አራት ቀኑ። የፓምፑን ቁጥር በወረቀት ጽፌ ወልድያ ላለ ፊልም ጫኝ አሳየሁት። የጃፓን ሆኖ እንዲህ ያለ ቁጥር ያለበትን ስጠኝ አልሁት። በዓይኑ ጠቀሰኝና ሞላልኝ። እንዴት ያለ ተጫዋች ልጅ መሰለሽ!»

ዘኪያ ፍላሹን ሰካች። ሃያ ፋይል ነው። ስማቸው ፐርሰንት በፐርሰንት፣ መጨረሻው ላይ ሦስት ፊደል፣ ጭረት፣ ሦስት ቁጥር፤ እውነትም የፓምፕ ቁጥር ይመስላል። የመጀመሪያውን ለጠፈችው፤ የጃፓን ፊደል ሆነ። አስተረጎመችው። «ባሏ መንገድ የሄደ የጎረቤት ሚስት» ይላል። ሁለተኛው ከዚህ ይብሳል። ቁጥሩን ብትፈልገው የነውር ፊልም መለያ ሆኖ አገኘችው።

እውነቱን ብትናገር የኒህ ሰው ስም በዚያው ቀን እስከ ጎረቤት ከተማ ጎብዬ መሳቂያ ይሆናል። ዝም ብላ ብትመልስላቸው፣ ቀጣዩ ሱቅ ሳያነብ በየስልኩ ይገለብጠዋል። ሁሉንም አጠፋችው።

«አያ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኮምፒውተሬ አቃጠለው።»

«ካልቻልሽ ለምን ነካሽው! ሽንኩርቴን ገደልሽው እኮ!» ብለው ጮሁባት። ሰልፈኛውም እየሳቀ ወደ ሌላ ሱቅ ሄደ። ዘኪያን አንገበገባት፤ ስንት ዓመት የለፋችበት ስም ነው። አያ አላምረው ጠረጴዛው ላይ የረሷትን፣ የፓምፑ ቁጥር ያለባትን ብጣሽ ወረቀት አነሳች፤ ከሰዓቱን ሙሉ ፈልጋ የፓምፑን ትክክለኛ ቪዲዮ አገኘች።

እሳቸው በማግስቱ ምትክ ሊያስጭኑ ወልድያ ሄደው፣ ጫኙ ልጅ ምን ሞልቶላቸው እንደነበር በዓይናቸው አይተው ነበር። በሦስተኛው ቀን ባዶ እጃቸውን ሱቋ ገብተው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ዘኪያ የፓምፑን ቪዲዮ ስልካቸው ላይ ጫነችላቸው።

«የዚያኛውን ስም አንብበሽው ነበር?» አሉ ቀስ ብለው።

«ስለ ፓምፕ ነበር፣ አያ» አለች ቀና ሳትል።

ፓምፑ ተነሳ፤ ሽንኩርቱም ግማሹ ተረፈ። የቆቦ ሰው ግን አሁንም ዘኪያ ያቃጠለችውን ፍላሽ እያነሳ ይስቃል። የማይስቁት አያ አላምረው ብቻ ናቸው።