ማኅተም ያለበት ወደ ሳፋ

የካልሲ ፋብሪካው ሰዎች እትዬ ለምን ይሏታል። ወላጆቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው፤ እሱን ግን የሚያስታውሰው የደመወዝ ክፍሉ ብቻ ነው። የካልሲ ጣት በሚዘጋው ማሽን ላይ ሃያ ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ሌላው ሠራተኛ ማሽኑ ሲቆምበት ጥግ ይዞ እያወጋ መካኒኩን ይጠብቃል፤ እሷ ግን ክዳኑን ከፍታ ውስጡን ታያለች። «ለምን ቆመ?» ትላለች። ማሽኑ አይመልስላትም፤ እውነቱን ለመናገር መካኒኩም ብዙ ጊዜ አይመልስላትም። መልስ አጣሁ ብላ መጠየቅ ማቆም ግን አታውቅበትም።

እንዲህ ያለች ሴት ታዲያ በዕድሜዋ አንድ ቀን ብቻ «ለምን» ማለት ረሳች። ያውም ከሥራ በተቀነሰች ቀን።

ፋብሪካው ገበያ ቀዘቀዘብኝ ብሎ ሠራተኛ መቀነስ ከጀመረ ሰነባብቷል። የመጀመሪያው ዙር ከአጠገቧ የምትሠራውን ጓደኛዋን ወሰደባት። ጓደኛዋን ሁሉም ሳቂታዋ ነው የሚላት፤ ስኳር እንዳለባት ሲነገራት እንኳ «ድሮም ጣፋጭ ነኝ» ብላ ሐኪሙን ያሳቀች ሴት ናት። ከተቀነሰች ወዲህ ግን መድኃኒቷን እንዲቆይላት ቀን እየዘለለች ነው የምትውጠው። ሁለተኛው ዙር ደግሞ እትዬ ለምንን ራሷን አገኛት።

በዚያ ፋብሪካ አንድ የቆየ ልማድ አለ። ተሰናባች ሁሉ በመጋዘኑ መስኮት በኩል ያልፋል። መስኮቱ ሥር ትልቅ ሰማያዊ ሳፋ ተቀምጧል፤ የፋብሪካው ማኅተም ያረፈበት ነገር በሙሉ እዚያ ውስጥ ይገባል። ሽርጡ ይገባል፣ የዕቃ ሣጥኑ ቁልፍ ይገባል፣ የበሩ መታወቂያ ይገባል፣ አረንጓዴው የሕክምና ካርድም አብሮ ይገባል። ድሮ አንዲት ሠራተኛ ሽርጧን እንደለበሰች ወጥታ ሌባ ተባለች አሉ። ከዚያ ወዲህ ሠራተኛው እርስ በርሱ «ማኅተም ያለበት ወደ ሳፋ!» ይባባላል፤ ስምን ሳያስነኩ መውጣት ትልቅ ኩራት ነው። ዕቃው ሳፋው ውስጥ ጧ ሲል ከኋላ የተሰለፉት ያጨበጭባሉ። ለእሷም አጨበጨቡላት። በጭብጨባው መሀል ምን ምን እንደጣለች እንኳ በወጉ አላየችም።

ባሏ ጸጉር አስተካካይ ነው። ሁለት ዓይኑን ሞራ ጋርዶት፣ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጸጉር የሚቆርጠው በማየት ሳይሆን በመዳበስ ነው። ደንበኞቹ ይወዱታል፤ ጆሯቸውን ግን የበለጠ ይወዳሉና አንድ በአንድ ወደ ሌላ ቤት ሸሽተዋል። እንደ ምንም ብሎ የቀዶ ሕክምና ቀጠሮ አግኝቶ ነበር። ወጪውን የሚሸፍነው በእሷ ሥራ የመጣው የጤና መድን ነው።

«እንግዲህ ካርዱም ሄደ በይኛ» አላት ነገሩን ስትነግረው።

«ሄደ።»

«ተይው። እኔ እንደሆነ ደህና አያለሁ፤ ዓይኔን ግንባር ያርገው!»

«አንተ ሰውዬ፣ ሌላ መማያ አጣህ? እስቲ ስንት ጣት አወጣሁ?»

«ሦስት።»

«እጄን ገና ከኪሴ አላወጣሁም።»

ሁለቱም እስኪያነቡ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ግን ባሏ፣ ጠዋት ሆስፒታል ሄዶ ቀጠሮውን እንደሚሰርዝ ነገራት። ገንዘብ ላይከፍል የሌላ ሰው ወረፋ ይዞ መቀመጥ ነውር ነው አለ። ይህ ሰው ከእንግዲህ ፊቷን በመዳበስ ብቻ ሊያውቃት ነው ብላ ስታስብ ፈራች።

በማግስቱ እሱ ከወጣ በኋላ ሳህን ስታጥብ ጥያቄው ከተፍ አለ። ሽርጡ የፋብሪካው ነው፤ ይሁን። ቁልፉም ሣጥኑም የፋብሪካው ነው፤ ይሁን። ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ግን የማን ነው? በየወሩ ከደመወዟ ሲቆረጥ የነበረው ለማን ነው? እሷስ ለምን መለሰችው? ሳህኑን ሳታለቀልቅ ጥላ ወጣች።

በሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ያገኘቻት አማካሪ ጉንፋን ያጣደፋት ወጣት ነበረች።

«እናቴ፣ በፈቃድዎ ለቀቁ ወይስ ተቀነሱ?»

«ተቀነስኩ።»

«እንግዲያው ሽፋኑ ወዲያው አይቋረጥም። ስድስት ወር ይቆይልዎታል፤ ለባለቤትዎም ጭምር። መብትዎ ነው። ካርድዎን ማሳየት ብቻ ነው።»

«ካርዱ የለኝም።»

«ጠፋብዎት?»

«መለስኩት።»

«ለማን?»

«ለሳፋው።»

ልጅቷ መሐረቧን አፍንጫዋ ላይ እንደያዘች ቀረች። «ማን መልሱ አለዎት?»

እትዬ ለምን ልትመልስ አፏን ከፈተች። አለቃው አላላትም። የመድን ድርጅቱም አላላትም። «ማንም» አለች።

«አዲስ ማውጣት ይቻላል፤ ግን ይዘገያል፣ ቀጠሮው ያልፍብዎታል። የድሮውን ቢያገኙት ነው የሚሻለው።»

ከደረጃው ሳትወርድ ስልክ መታች። «የት ደረስክ?»

«ሰልፍ ላይ ነኝ። ከፊቴ አንዲት ሴትዮ ብቻ ናት።»

«ከሰልፉ ውጣ!»

«ለምን?»

«ጠያቂዋ እኔ ነኝ! አንተ ዝም ብለህ ውጣ!»

«እሺ፣ ወጣሁ።»

መጋዘኑ ውስጥ የሚሠሩትን አዛውንት ጋሼ መጋዘን ይሏቸዋል። ትናንት የተሰናበተች ሴት ዛሬ መስኮታቸው ላይ ስትቆም ደነገጡ።

«ጋሼ፣ የሕክምና ካርዱን ለምንድነው የሚሰበስቡት?»

«ምን ማለትሽ ነው? ማኅተም አለበታ።»

«ከሰበሰቡት በኋላስ ለማን ይሰጡታል?»

ጋሼ መጋዘን መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉት፣ መልሰው አደረጉት። «ለማንም። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጥ ነበር፤ እኔም አስቀምጣለሁ። ውሰድልኝ ያለኝ የለም፣ አምጣ ያለኝም የለም።»

መሳቢያውን ሳቡላት። ካርዶቹ በላስቲክ ታስረው፣ ልክ እንደ ካልሲ በደርዘን በደርዘን ተደርድረዋል። ፎቶዎቹ ሁሉ ወደ ላይ ያያሉ። የእሷን ከላይ አገኘች፤ ኪሷ ከተተችውና ቢሮ የሰማችውን አንድ በአንድ ነገረቻቸው። አዛውንቱ ከመሳቢያው ጥግ አንድ ካርድ መዘዙ፤ የራሳቸው ፎቶ ነው።

«እኔም ወሩ ሲያልቅ ተሰናባች ነኝ» አሉ።

«ታዲያ ሳይወጡ ከወዲሁ አስገቡት?»

«በግርግር እንዳልረሳው ብዬ።» ካርዱን ደረት ኪሳቸው ከተቱና የኪሱን ቁልፍ ቆለፉበት። «ሽበት ብቻውን ምን ያደርጋል፣ ልጄ!»

እሷ ግን ዓይኗ ሌላው እስር ላይ ነበር። የመጀመሪያው ዙር ነው። ላስቲኩን ስትፈታው ሳቂታዋ ከፎቶው ውስጥ በሰላሳ ሁለት ጥርሷ ሳቀችላት። እትዬ ለምን ወራቱን ቆጠረች። ሽፋኑ ገና አላለቀም። ካርዱን መዘዘች።

«ሂጂ» አሉ ጋሼ መጋዘን። «ሌሎቹን ደጅ ለደጅ አደርሳለሁ፤ የሰበሰብኩት እኔ አይደለሁ?»

ሳቂታዋ በሩን የከፈተችው ግድግዳ ተደግፋ ነበር። አንድ እግሯ አብጧል፤ አውራ ጣቷ በጨርቅ ተጠቅልሏል።

«ደሞ ምን ልትጠይቂኝ መጣሽ?» አለች እንደ ልማዷ።

እትዬ ለምን ካርዱን እጇ ላይ አኖረችላት። «ይሠራል። ስትቀነሺም ይሠራ ነበር፤ አሁንም ገና ጥቂት ቀን ይሠራል።»

ሳቂታዋ ካርዱን ገልብጣ አየችው። ከዚያ እግሯን አየች። ሳቅ አልመጣላትም።

«ታዲያ ለምን ሰጠናቸው?»

ዕድሜዋን ሙሉ ሰው በጥያቄ ስታጨናንቅ የኖረችው ሴት አሁን ራሷ ተጠየቀች። ከሳፋው ፊት ሁለቱም ቆመው ነበር፤ ለሳቂታዋ ያጨበጨበችላት ደግሞ እሷው ራሷ ናት። በጣም አፈረች።

«ጫማሽን አምጪው፤ ክሊኒኩ ሳይዘጋ እንድረስ» አለች።

ጫማው ለእብጠቱ አልገባም። እትዬ ለምን ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና በምትኩ ካልሲ አጠለቀችላት፤ ቁስሉን እንዳይነካው የካልሲውን ጣት በቀስታ ሳብ አድርጋ። ጣቱን የዘጋችው ራሷ ሳትሆን አትቀርም። ሳቂታዋ አንድ እጇን ጓደኛዋ ትከሻ ላይ ጣለች፤ በሌላው ካርዱን እንደጨበጠች ወጡ።