ኦቦ ደበላና «ሉክ አፍተር»

የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ሰበታ ውስጥ የምንኖረው ከእናቴ አጎት ከኦቦ ደበላ ጋር ነበር። ኦቦ ደበላ ከልጅነታቸው ጀምሮ ዓይነ ስውር ናቸው፤ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ኖረዋል። እናቴ ፋብሪካ የማታ ፈረቃ ስትገባ ከእኔ ጋር የሚያመሹት እሳቸው ነበሩ። ያኔ መብራት ቶሎ ቶሎ ይጠፋ ስለነበር፣ ከከሰሉ ፍም አጠገብ ኩራዝ ለኩሼ እቀመጥና ተረት እንዲነግሩኝ እለምናቸዋለሁ።

አንድ ምሽት የነገሩኝ ስለ አንድ ገበሬ ነበር። ገበሬው ወደ ተጂ ገበያ ሲሄድ ሁለት ሴት ልጆቹን ጠርቶ «ላሟን ሉክ አፍተር አድርጉ» አላቸው።

«ገበሬው እንግሊዝኛ ከየት አመጣ?» አልኳቸው።

«ተረት ነው፤ ዝም ብለሽ ስሚ።»

ትልቋ ልጅ «ሉክ» ማየት፣ «አፍተር» ኋላ መሆኑን ታውቅ ነበርና ከላሟ ኋላ ቆማ ጅራቷን ስታይ ዋለች። ላሟ ራባትና ጮኸች። ትንሿ ግን ሣር አጭዳ አበላቻት፣ ውሃ አጠጣቻት፣ ሲመሽ በረት አስገብታ ዘጋችባት።

ሳቄ ሳያባራ «ኢንተላ ኮ» አሉኝ፤ ልጄ ማለታቸው ነው። «ሁለቱ ቃላት ለየብቻ ሌላ ናቸው፣ ሲገናኙ ሌላ። ሉክ አፍተር መንከባከብ ነው። ለልጅ፣ ለታመመ ሰው፣ ለአደራ ዕቃ ትይዋለሽ። ሉክ ፎር ካልሽ ግን መፈለግ ይሆናል፤ እንዳታምታቺ።»

በሳምንቱ የእንግሊዝኛ መምህራችን ይህንኑ «ሉክ አፍተር» ሰሌዳው ላይ ጽፎ ትርጉሙን ጠየቀ። አንዱ «ከኋላ ማየት» ሲል ሌሎቹም ተስማሙ። እኔ እጄን አውጥቼ «መንከባከብ» አልኩ።

«በዓረፍተ ነገር አስገቢው» አለኝ።

ፊት ለፊቴ የተቀመጡት ልጆች ኦቦ ደበላን እጃቸውን ይዤ ስመራ እያዩ ይስቁብኝ ነበር፤ በነሱ ምክንያት እሳቸውን ሁልጊዜ በውስጥ ለውስጥ መንገድ ነበር የምወስዳቸው። ስለ ላሟ ልናገር አስቤ ነበር። አፌ ግን ሌላ አወጣ፤ «ማይ አንክል ካኖት ሲ፣ በት ሂ ሉክስ አፍተር ሚ።» አጎቴ ማየት አይችሉም፤ የሚንከባከቡኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ማንም አልሳቀም። መምህሩ ጠመኔውን አስቀመጠና «ነገ ይዘሻቸው ነይ፤ ክፍሉን ያስተምሩልን» አለ።

በማግስቱ ኮታቸውን አስተኩሼ በዋናው አስፋልት ወሰድኳቸው። የሚኒባስ ረዳቶች ሳይቀሩ «አካም ኦቦ ደበላ!» እያሉ ሰላምታ ይሰጧቸው ነበር። ስንገባ ክፍሉ በሙሉ ብድግ አለ። «ተቀመጡ» አሉ፤ ጥቂት ጆሯቸውን ጣል አድርገው «ኋላ ቆመህ የቀረኸው አንተም ጭምር» ሲሉ ሁሉም ደነገጠ። የላሟን ተረት ሲነግሩማ ሳቁ ቢሮ ድረስ ተሰማ። ደወሉ ሲደወል እነዚያው ልጆች «እኛ እንምራቸው» ብለው ከበቡን። «የኔ ናቸው» አልኩና እጃቸውን ያዝኩ።

ዛሬ ቡራዩ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። የዚያን ቀን የተሰማኝ ኩራት እስካሁን አልበረደም። አዲስ የሚቀጠሩ መምህራን የት እንደተማርኩ ሲጠይቁኝ የዩኒቨርሲቲውን ስም አላስቀድምም። «ሰበታ፣ አጎቴ ቤት» እላቸዋለሁ።