ማሽን ውስጥ የቀረችው ፋጡማ

ባለፈው ሳምንት ስልኬ እየጠፋ እየበራ ቢያስቸግረኝ ሰፈራችን ላለው ስልክ ሠሪ ወሰድኩለት። ነካክቶ ነካክቶ፣ «እማማ፣ ቫይረስ ሳይገባበት አይቀርም። ሁሉንም ላጥፋውና ይስተካከላል። የሚፈልጉት ነገር አለ?» አለኝ። ይህች ቀላል ጥያቄ የድሮውን የአሰብ ነገር አስታወሰችኝና ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ከደሴ አሰብ የወረድኩት በሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ኤርትራ ነጻ ከወጣች በኋላም የአዲስ አበባ ዕቃ በአሰብ ይገባ ነበር፤ እኔም ወደቡ አጠገብ በአንዲት ትንሽ የትራንዚት ቢሮ ጸሐፊ ነበርኩ። ኮምፒዩተር ብርቅ ነው፤ ያለችን አንዲቷ በእኔ እጅ ነበረች። ቅዳሜ ቅዳሜ የጭነት ዝርዝሩን ዲስክ ላይ ገልብጬ ወደ አዲስ አበባ ለሚወጣ ሾፌር እሰጣለሁ፤ ዲስኩ በሌላ ሾፌር ይመለሳል።

አንድ ቀን የተሳቢ ሾፌሩ ጋሽ ተፈራ የተጠበሰ ዓሣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ይዞልኝ መጣ። አደጋ ቢደርስበት የሚነገረው ለማን እንደሆነ በሚጠይቀው የቢሯችን ፎርም ላይ የአዲስ አበባ ሚስቱ ተሞልታለች። ለካ ከአሰብ ወዲያ ባለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር፣ ራሔይታ፣ ልጅ ወልዷል! የእናትየዋን ስም ከነአባቷ ነገረኝና፣ «ወረቀት ላይ እንዳትጽፊው። ማሽኑ ውስጥ ይሁን፤ ማሽን ወሬ አያውቅም። አንድ ነገር ብሆን ለፋጡማ ንገሪልኝ፣ አደራ» አለኝ። ለብቻው በምስጢር ቃል ቆልፌ አስቀመጥኩለት። በሚላከው ዲስክ ላይም አልገለበጥኩትም። በጣም የተጠነቀቅኩ መስሎኝ ነበር፣ አይ እኔ።

ሐምሌ ላይ ኮምፒዩተሩ ሥራ መሀል ድርግም ይል ጀመር። የአሰብ ሐምሌ ነፋሱ ራሱ ከምድጃ የወጣ ነው። ሙቀቱ ነው ብለን ያለንን አንድ ቬንቲሌተር ወደ እሱ አዙረን፣ ወለሉን ውሃ ረጭተን፣ እኛ በላብ ተጠመቅን። ባሰበት እንጂ አልተሻለውም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የመጣው ባለሙያ ግን ከዲስኩ ጋር የገባ ቫይረስ ነው አለ፤ አንዱ ሰው ዲስኩ ላይ የካርታ ጨዋታ ጭኖበት ኖሯል። ቀትር ላይ ከተማው ሲያሸልብ ያን ጨዋታ የምጫወተው እኔ ነበርኩ። አንገቴን ደፋሁ።

ባለሙያው ወይ ማሽኑን አዲስ አበባ ወስጄ ፋይሉን ለማውጣት ልሞክር፣ ወይ እዚሁ ሁሉንም ላጥፋው አለ። አዲስ አበባ ዋናው ቢሮ ደግሞ የጋሽ ተፈራ ሚስት ወንድም ይሠራል። ፋይሉ ቁልፉ ተፈትቶ ከወጣ ማየቱ አይቀርም። አለቃችን ወደ እኔ ዞረው፣ «የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?» አሉኝ።

«ምንም የለም» አልኩ። ጋሽ ተፈራ ሲወርድ እንደገና ይነግረኛል ብዬ ነው።

አልወረደም። ሚሌ አካባቢ መኪናው ተገልብጦ ሞተ። ለሚስቱ በፎርሙ መሠረት ተነገራት።

እኔ በዓሣ መኪና ተሳፍሬ ራሔይታ ሄድኩ። ጥላ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሰላምታዬን መልሰው ማንን እንደምፈልግ ጠየቁኝ። ፋጡማን አልኳቸው።

«ፋጡማ ብዙ ናት፣ ልጄ። የማን ልጅ?»

የአባቷ ስም ጠፋኝ። ማሽኑ ይዞታል ብዬ እኔ አልያዝኩትም ነበር። ከሾፌር የወለደችው ብል ምስጢሩን ማውጣቴ ነው። ውሃ አጠጡኝና ተመለስኩ፤ መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ። ያቺ ሴት እስከ ዛሬ ትቷት የሄደ ይመስላት ይሆናል።

ስልክ ሠሪው፣ «ላጥፋው?» አለኝ ደግሞ። ወረቀትና እስክሪብቶ ለመንኩት። ስልኩ በበራ ቁጥር እየተሻማሁ የሰዎቼን ስም ከነአባታቸው፣ ከነቁጥራቸው ገለበጥኩ። መጨረሻ ላይ ፋጡማ ብዬ ጻፍኩና ቀጥሎ ያለውን ቦታ ባዶውን ተውኩት።